«ማሚ አትሰማኝም»፦ ቶረንት፣ ራውተርና የእሑድ ጠዋት ኢሞ

እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት በእኛ ቤት የማይቀር ቀጠሮ አለ። ታላቅ እህቴ የምትሠራው ቤሩት ነው። በሳምንት የምታርፈው አንድ ቀን፣ እሱም እሑድ ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ ታስደግፈዋለች። ቡና ይቀርባል። ስድስት ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ ፀጉሯን ተሠርታ ስልኩ ፊት ትቀመጣለች። ከዚያ ኢሞ ይጮኻል፤ እናትና ልጅ እየተያዩ አንድ ሰዓት ያህል ያወራሉ።

ባለፈው ክረምት ይህ ቀጠሮ ተበላሸብን። ጥሪው ይገባል፣ እኛ እህቴን ጥርት አድርገን እናያታለን፣ እሷ ግን እኛን አታየንም። «ሀሎ? ሀሎ? ተቆራረጠብኝ» ትላለች። ልጅቷ ትምህርት ቤት የተማረችውን መዝሙር ለእናቷ ልታሰማ ሦስት ጊዜ ጀመረች። ሦስቱንም ጊዜ ከወዲያ የመጣው መልስ «አልሰማሁሽም የኔ ቆንጆ፣ ድገሚልኝ» የሚል ነበር። በአራተኛው «ማሚ አትሰማኝም» ብላ ተነሥታ ወደ ግቢ ወጣች። በሚቀጥለው እሑድ ስንጠራት አልመጣችም። በዚያኛውም አልመጣችም። እህቴ «ረሳችኝ መሰለኝ» ብላ ስታለቅስ ለእኛ ቁልጭ ብላ ትታየን ነበር።

እኛ እያየናት እሷ የማታየን መሆኗ ትልቁ ፍንጭ እንደነበረ የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

መጀመሪያ ያማረርነው እንደማንኛውም ሰው «ኔትወርኩን» ነው። የመስመር ባለሙያ ተጠራ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ለካ፣ «መስመራችሁ ደህና ነው» ብሎ ሄደ። አላመንነውም። እኔ ፓኬጁን ከፍ አደረግሁት። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ሥር አውጥቼ መደርደሪያ ላይ ሰቀልሁት። እማዬ ደግሞ የአዳማ ሙቀት ነው የጎዳው ብላ ቬንትሌተር አዞረችበት። ማታ ማታ እኔ ስሞክረው ምንም ችግር የለበትም። እሑድ ጠዋት ሲሆን ያው ነው። «አንቺ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለ ኢንተርኔት ስታወሪ ትውያለሽ፣ የቤትሽን ግን ማስተካከል አቃተሽ» አለችኝ እማዬ። እውነቷን ነው። የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው፤ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት እችላለሁ፣ ራውተር ውስጥ ምን እንዳለ ግን በቢዝነስ ትምህርት አላስተማሩኝም።

ነገሩ የተገለጠው በአጋጣሚ ነው። አንድ እሑድ ጥሪው እየተቆራረጠ ሳለ ቻርጀር ፍለጋ ታናሽ ወንድሜ ክፍል ገባሁ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ነው፤ ክረምቱን ከዶርም ወጥቶ ቤት ነበር። እሱ ተኝቷል፣ ላፕቶፑ ግን ሥራ ላይ ነው። ስክሪኑ ግርጌ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይርመሰመሳሉ፤ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ በሚያመለክት ቀስት። ወደ ላይ የሚያመለክተው 120 አካባቢ ቆሟል። ቀስቅሼ «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «እሱማ የምሰጠው ነው» አለኝ ዓይኑን እያሻሸ። «አቁመው እስቲ።» አቆመው። ደቂቃ ሳይሞላ ከሳሎን የእህቴ ድምፅ ተሰማ፦ «ኧረ አሁን ታያችሁኝ!»

የሚሰጠው ለማን ነው?

ቶረንት ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው፣ አሠራሩን ግን ልብ ያላለው ነገር ነው። ከዩቲዩብ ቪዲዮ ስንከፍት ፋይሉ የሚመጣው ከአንድ ትልቅ ኩባንያ ኮምፒዩተሮች ነው። በቶረንት ግን ፋይሉ ተቆራርጦ ብዙ ሺህ ተራ ሰዎች ቤት ይገኛል። አንዱን ቁራጭ ከብራዚል፣ ሌላውን ከፖላንድ፣ ሌላውን ከጎረቤት እየለቀመ ይገጣጥመዋል። አሜሪካዊው ብራም ኮኸን ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ሲያደርግ ዋናው ብልኃቱ የሚቀበል ሁሉ እየተቀበለ ሳለ ለሌሎች እንዲሰጥ ማድረጉ ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወንፈል ነው። ዛሬ አንተ እኔ ማሳ ላይ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ አንተ ማሳ ላይ። ወንፈል ላይ ሳይመጣ የቀረ ሰው በራሱ ቀን ብቻውን ይቆማል። ፕሮግራሙም እንዲሁ ያደርጋል፦ ለሚሰጠው ሰው ቅድሚያ ይሰጣል፣ የሚሰስተውን ወደ ኋላ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ምንም አልሰጥም» ብሎ መዝጋት ራስን መቅጣት ነው። የእኛ ቤት ችግር ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ ልጃችን ያለውን ሁሉ አውጥቶ ይሰጥ ነበር።

አብዛኛው የቤት ኢንተርኔት፣ በተለይ በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣው፣ ሁለት እኩል መንገድ የለውም። የሚገባበት ሰፊ ነው፣ የሚወጣበት ጠባብ። የእኛን ስንለካው የሚገባው 8 ሜጋቢት፣ የሚወጣው 1 ሜጋቢት ገደማ ነበር። ጠባቡን መንገድ ቶረንት ሲሞላው የልጅቷ ድምፅና መልክ የሚወጣበት ቦታ ያጣል። እህቴ የማትሰማን ለዚህ ነው። እኛ እሷን የምናያት ደግሞ የእሷ ምስል የሚመጣው በሰፊው መንገድ ስለሆነ ነው።

ወንድሜም ቢሆን አልተጠቀመም። የሚወጣው መንገድ ሲጨናነቅ የሚገባውም አብሮ ይዘገያል። ለምን ቢሉ፣ ኮምፒዩተራችን ለተቀበለው ነገር ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ መልእክት መመለስ አለበት፤ ላኪው ያ መልእክት ሲዘገይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሞጆ ደረቅ ወደብን አስቡት። ዕቃ አራግፎ የተመለሰ ሹፌር የመረከቢያ ደረሰኙን ካላስረከበ ቀጣዩ ጭነት አይለቀቅለትም እንበል። የመመለሻው መንገድ በሌላ መኪና ከተዘጋ፣ የመሄጃው መንገድ ባዶ ሆኖ ሳለ ጭነቱ ወደብ ላይ ያድራል። ወንድሜ የሚሰጠውን በቀነሰ ጊዜ የሚያወርደው መፍጠኑን ሲያይ ማመን አልቻለም።

ቢትና ባይት፦ ብዙ ሰው የሚያጣላው ስምንት ቁጥር

«8 ሜጋ ከፍለን 1 ሜጋ ብቻ ነው የሚያወርደው» የሚል ቅሬታ ያልሰማ የለም። እኔም ብያለሁ። የኢንተርኔት ሻጮች ፍጥነትን የሚናገሩት በቢት ነው፤ ፕሮግራሞቹ የሚያሳዩት ደግሞ በባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ 8 ሜጋቢት ለስምንት ሲካፈል 1 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል፤ ማንም አልቀነሰባችሁም። በዚህ ፍጥነት 2 ጊጋባይት ፋይል ግማሽ ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። የሚወጣው 1 ሜጋቢት ደግሞ 125 ኪሎባይት በሰከንድ መሆኑ ነው። ያ ስክሪን ላይ ያየሁት 120 ምን ማለት እንደነበረ አሁን ገባችሁ? ከቤታችን የሚወጣው መንገድ እንዳለ ተይዟል።

ወንድሜ የሚጠቀመው ኪውቢትቶረንት የሚባለውን ነው፤ በነፃ የሚገኝ፣ ማስታወቂያ የሌለው ነው። ሌላም ብትጠቀሙ ሐሳቡ አንድ ነው። መጀመሪያ ቶረንቱን አቁማችሁ፣ ቢቻል በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል፣ ስፒድ ቴስት አድርጉና አፕሎድ የሚለውን ቁጥር ጻፉ። ለስምንት አካፍሉት። ከዚያ ላይ ከአምስት አራቱን እጅ ያህል ውሰዱ፤ የእኛ 125 ስለነበር 100 ሆነ። «ቱልስ» ከዚያ «ኦፕሽንስ» ከዚያ «ስፒድ» በሚለው ገጽ አፕሎድ ቦታ ላይ የሚገባው ይህ ቁጥር ነው። ሰው ቤት ውስጥ ሲኖር ከዚህም በጣም ይቀነሳል፤ እኛ 20 አድርገነዋል። አንድ ወጥመድ አለ፦ ዜሮ ብሎ መጻፍ «ምንም አትስጥ» ማለት አይደለም፣ «ገደብ የለህም» ማለት ነው። ስንቱ ሰው ቆጠብኩ ብሎ በሩን በርግዶ ከፍቶታል።

እዚያው «ኮኔክሽን» በሚለው ገጽ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ጋ መገናኘት እንደሚቻል የሚወስን ቁጥር አለ። የእኛ 500 ላይ ነበር። ርካሽ የቤት ራውተር ይህን ሁሉ ግንኙነት መያዝ ይከብደዋል፤ ይግላል፣ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴም ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። 150 ስናደርገው በሳምንት ሁለት ሦስቴ እናጠፋ እናበራው የነበረው ራውተር ዐረፈ። (የእማዬ ቬንትሌተር ግን አሁንም አልተነሣም።)

የሰዓቱ ጉዳይ

እዚህ ላይ ወንድሜ በጣም ተከፋ። «እኔ እኮ ቀን ቀን ቀንሼዋለሁ! ገደቡ የሚነሣው ሌሊት ሰው ሲተኛ ብቻ ነው» አለ። ገጹን ከፍቶ አሳየኝ። እውነትም ቀን ላይ 20 ብሎ ገድቦታል። ከዚያ በታች ደግሞ በሰዓት የሚቀያየር ሌላ ገደብ አለ፤ እሱን ዜሮ አድርጎ ሰዓቱን ከ06:00 እስከ 12:00 ሞልቶታል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ማለዳ 12 ሰዓት ማለቱ ነው።

ኮምፒዩተር ግን የሐበሻ ሰዓት አያውቅም። ለእሱ 06:00 ማለት ማለዳ 12 ሰዓት፣ 12:00 ማለት ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ነው። ቶረንቱ ሌሊቱን ሙሉ ታስሮ እያደረ፣ እማዬ ለቅዳሴ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ ይለቀቅ ነበር። በሥራ ቀን ጠዋት ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የሚጠቀም ስለሌለ ማንም አላወቀውም። ባለሙያው የመጣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ የምሞክረው ማታ፤ ሁለቱም ጊዜ ገደቡ በቦታው ነበር። የእህቴ የዕረፍት ሰዓት ብቻ መሀል ላይ ወደቀ። ልጁ የዋለልን ውለታ ነበር ያበላሸን። ትክክለኛው ከ00:00 እስከ 06:00 ነው።

ይህን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዷ ስትስቅ ቆይታ ድንገት ዝም አለች። የቢሮ ካሜራቸውን ቅጂ በሌሊት እንዲልክ ያዘዘችው እሷ ነበረች።

ቢጫው ምልክት

ባቱ (ዝዋይ) የሚኖር የአጎታችን ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት። የስልኩን ሆትስፖት ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ነው የሚጠቀመው። ፕሮግራሙ ግርጌ ላይ ቢጫ ምልክት ያሳየዋል፤ ጠቋሚው ሲያርፍበት በቀጥታ የሚመጣ ግንኙነት የለም ይለዋል። ቪዲዮ እያየ ፖርት የሚባል ነገር ሲከፍትና ሲዘጋ ሁለት ሌሊት አደረ። ለውጥ የለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዓለም ላይ ያለው የኢንተርኔት አድራሻ ስለማይበቃ የሞባይል ኩባንያዎች ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ሥር ያሳድራሉ። ኮንዶሚኒየም በሉት፤ አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ። እናንተ ወጥታችሁ የጠራችሁት እንግዳ ይገባል። ስማችሁን ብቻ ይዞ የመጣ እንግዳ ግን ዘበኛው ጋ ይመለሳል፤ የትኛው ብሎክ እንደሆናችሁ አያውቅማ። የራሳችሁን የቤት በር ብትከፍቱት የግቢውን በር አይከፍተውም። ለማወቅ ከፈለጋችሁ ራውተራችሁ ገጽ ላይ የሚታየውን የውጭ አድራሻ ተመልከቱ፤ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናችሁ። እንዲህ ከሆነ ፖርት በመክፈት ጊዜ አታጥፉ። ቢጫው ምልክት ብልሽት አይደለም፤ ማውረድም አይከለክልም። የአጎታችንን ልጅ ያዘገየው የመረጠው ፋይል ነበር፤ ሙሉውን የያዘው ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ፣ እሱም አልፎ አልፎ የሚመጣ። ከማውረዳችሁ በፊት ሙሉውን ስንት ሰው እንደያዘው የሚያሳየውን «ሲድስ» የሚለውን ቁጥር እዩ።

በሞባይል ፓኬጅ ቶረንት የምትጠቀሙ ሌላም ነገር አትርሱ፦ የምትሰጡትም ይቆጠራል። «3 ጊጋ አወረድኩ፣ 5 ጊጋ ሄደብኝ» የሚባለው ከዚህ ነው። ፋይሉ ሲያልቅ ፕሮግራሙን በኤክስ መዝጋት ብዙ ጊዜ ከስክሪን ጥግ ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ወጥታችሁ መዝጋታችሁን አረጋግጡ።

መብራት መሄድም የራሱ መዘዝ አለው። በማውረድ ላይ ሳለ ከጠፋ በኋላ ፋይሉ 99 በመቶ ላይ ግትር ብሎ ቢቀር፣ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትጀምሩ። በቀኝ ክሊክ «ፎርስ ሪቼክ» የሚለውን ስትጫኑ የተበላሸውን ቁራጭ ብቻ ለይቶ ያመጣል። ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ «ቦታ የለም» ካላችሁና ፍላሹ ባዶ ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ከ4 ጊጋ በላይ ነው ማለት ነው። ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከዚያ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

ያለ ኢንተርኔት

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው ፋይል የሚለዋወጠው በቶረንት አይደለም፤ «በዜንደር ላክልኝ» ነው የሚለው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ሠርግ ቪዲዮም፣ መዝሙርም፣ የትምህርት ማስታወሻም የሚተላለፈው ከስልክ ወደ ስልክ ነበር። እንዲህ ያሉ አፖች ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ አንዱ ስልክ የራሱን ዋይፋይ ይፈጥራል፣ ሌላው ይገባበታል። ስልኮቹ ሳይተያዩ ሲቀሩ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሎኬሽን መጥፋቱ ነው፤ አንድሮይድ በአቅራቢያው ያለ ዋይፋይ ለመፈለግ ሎኬሽን ይጠይቃል። ቪፒኤን በርቶ ከሆነም አጥፉት። አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ክዊክ ሼር የሚባለው አብሮ ስለሚመጣ ሌላ አፕ መጫን ላያስፈልግ ይችላል፤ ማስታወቂያ ስለሌለው ለልጆች ስልክ እሱን እመርጣለሁ።

ወንድሜ ምን ነበር የሚያወርደው? ይህን የጠየቀችው እማዬ ናት። ከፊሉ የሚያስመሰግን ነው፦ ኡቡንቱ የሚባለው ነፃ ሲስተም ራሱ በቶረንት ይሰጣል፤ ያለ ኢንተርኔት የሚነበበውን ዊኪፔዲያ የሚያዘጋጁት ኪዊክሶችም እንዲሁ፤ አማርኛውም አለው። ከፊሉ ግን ፊልም ነበር። ቶረንት መጠቀም በራሱ ወንጀል አይደለም። የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ ማባዛትና ማሠራጨት ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው፤ ቶረንት ደግሞ እያወረደ ስለሚያሠራጭ «እኔ ለራሴ ብቻ ነው» ማለት እንኳ አያዋጣም። በፊልሞቹ ጉዳይ ቤት ውስጥ ክርክሩ አላለቀም። እኔ ማስታወቂያ ሠርቼ የምኖር ሰው ነኝ፣ ሥራዬን ማንም በነፃ እንዲወስደው አልፈልግም፤ ስለዚህ ከማን ጋር እንደሆንኩ ይታወቃል።

ልጅቷን ወደ ስልኩ መመለስ ከሴቲንጉ በላይ ጊዜ ወሰደ። በመጀመሪያው እሑድ በር ላይ ቆማ ሰማች። እናቷ «የማን ጥርስ ነው የወለቀው?» ስትላት ሁለት እርምጃ ቀረበች። በሦስተኛው እሑድ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ላይ ነጥቃ አፏን ካሜራው ውስጥ ልትከተው ደረሰች፤ ቤሩት ላይ የታየው ድድ ብቻ ነበር። መዝሙሩንም ዘመረችው፤ ሁለት ጊዜ፣ ማንም ድገሚ ሳይላት።

ራውተሩ ላይ አሁን ወረቀት ተለጥፏል። ወንድሜ በእስክሪብቶ «00:00 – 06:00» ብሎ ጽፎበታል። ከሥሩ እማዬ በራሷ እጅ ጽሑፍ ጨምራበታለች፦ «እሑድ አይነካም።»